አምስት ዶላር በመቃብር፦ የቅዳሜ ማስታወሻዬ

ፌብሯሪ 1፣ ቅዳሜ

ነገሩ የተጀመረው ልጄ ለትምህርት ቤቱ የበጎ ፈቃድ ሰዓት ስለጎደለው ነው። 15 ዓመቱ ነው፤ ብቻውን መኪና አይነዳም። ሾፌሩ እኔ ነኝ ማለት ነው። የተረሳ የጥቁር አሜሪካውያን መቃብር ለማጽዳት፣ ከምንኖርባት ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ያህል ነዳን። ከአውራ ጎዳናው ጀርባ፣ ከአንዲት ትንሽ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ጫካ አለ። «መቃብሩ የት ነው?» አልኩ። አስተባባሪው ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው። «የቆምሽበት ነው» አለኝ። እግሬን አነሳሁ። የት እንደማሳርፈው ግን ጠፋኝ።

መጀመሪያ ምንም አይታይም። ዛፍ፣ የደረቀ ቅጠል፣ ከዛፍ ዛፍ የተንጠላጠለ ሐረግ። ዓይኔ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ ስርጉዶቹን መለየት ጀመርኩ። በሰው ቁመት ልክ የረዘሙ፣ ቅጠል የሞላባቸው ጉድጓዶች ናቸው። የሬሳ ሳጥኑ እንጨት ሲበሰብስ አፈሩ ወደ ታች ይሰምጣል። አብዛኞቹ አቅጣጫቸው አንድ ነው፤ ራስጌው ወደ ምዕራብ፣ ግርጌው ወደ ምሥራቅ። በትንሣኤ ቀን ፊታቸውን ወደ ፀሐይ መውጫ አድርገው እንዲነሱ። ይኼን ለኔ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። አያቴንም የቀበርናት እንደዚሁ ነው።

ሥራው የሚሠራው በብርዱ ወራት ነው። ቅጠል ሲረግፍ መሬቱ ይታያል፤ እባብ አይወጣም፣ መዥገርም ይቀንሳል። አፕሪል ሲገባ ጫካው ተመልሶ ይዘጋል ይላሉ።

ጥፋት አንድ፣ የራሴ። ገጀራ ሰጡኝ። እሬት የሚመስል፣ ቅጠሉ እንደ ጦር የሾለ ተክል አገኘሁና አረም መስሎኝ ከሥሩ ቆረጥኩት። ኮራሁ እንኳ። አስተባባሪው ሲያየው ዝም አለ። ተክሉ ዩካ ይባላል። ሐውልት መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ ለመቃብሩ ምልክት ይተክለው ነበር። ዓመቱን ሙሉ አይደርቅም፣ ዋጋውም ከድንጋይ ይረክሳል። መሬት ለመሬት የምትሳበው፣ ሐምራዊ አበባ ያላት ቪንካም እንደዚሁ ናት። ጫካ መሀል ቪንካ እንደ ምንጣፍ ተነጥፋ ካያችሁ ቆም በሉ።

ያናደደኝ አለማወቄ አይደለም። ማወቅ ነበረብኝ። የአባቴ አገር ወሎ ነው። መቃብር ላይ እሬት ሲተከል በልጅነቴ አይቻለሁ።

ፌብሯሪ 15፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሐረግ ብቻ። አይቪ ይሉታል። ከአውሮፓ ለጌጥ የመጣ ነው። አሁን ግን ጫካውን ሁሉ ወርሶታል።

ከድንጋይ ላይ መጎተት ክልክል ነው። ሥሩ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይይዛል፤ ስትጎትቱት ድንጋዩ ተገምሶ ይመጣል። ግርጌው ላይ ቆርጦ መተው ነው። ከሳምንታት በኋላ ደርቆ በጣት ይነሳል። ዛፍ ላይ የወጣውን ደግሞ ወገብ ቁመት ላይ ዙሪያውን ቀለበት አድርጋችሁ ትቆርጡታላችሁ፤ የላይኛው በራሱ ጊዜ ይሞታል። መቃብር ላይ የበቀለ ዛፍም አይነቀልም። ከመሬት እኩል ይቆረጣል እንጂ ጉቶው አይነካም። ሥሩ ምን ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅማ።

ልጄ ትናንሽ ባንዲራ መትከል ወደደ። ብርቱካናማው ለስርጉድ፣ ነጩ ለድንጋይ። እስከ ምሳ 61 ተከለ። ከዚያ «ማሚ፣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ናቸው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ስልኩን ኪሱ ከተተ። (የበጎ ፈቃድ ሰዓቱ ባለፈው ሳምንት ሞልቷል። እንዳልነግረው እየተጠነቀቅኩ ነው።)

ማርች 1፣ ቅዳሜ

ጥፋት ሁለት፣ እሱም የራሴ። ድንጋይ ማጠብ ነው ሲሉኝ በረኪና ይዤ ሄድኩ። የአዲስ አበባ ልጅ ንጽሕና የምትለው በረኪና ነው፤ ምን ላድርግ። አስተባባሪው ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብሎ መኪናው ውስጥ ቆለፈበት። በረኪና እብነ በረዱን ለጊዜው ያነጣዋል፤ ጨዉ ግን ውስጡ ይቀራል። እያደር ድንጋዩ እንደ ስኳር መርገፍ ይጀምራል። የሽቦ ብሩሽም ክልክል ነው። በግፊት የሚረጭ የመኪና ማጠቢያ ማሽንማ ፊደሉን ጠርጎ ነው የሚሄደው።

የተፈቀደው ይኼ ነው፦ ብዙ ንጹሕ ውኃ፣ ለስላሳ የፕላስቲክ ብሩሽ፣ የእንጨት ስንጥር፣ ስቴኪኒ። ዲ-ቱ የሚባል ለሐውልት የተሠራ ፈሳሽም አለ፤ አልጌውንና ሻጋታውን ይገድላል፣ ድንጋዩን አይበላም። መጀመሪያ ድንጋዩን ውኃ አጠጡት፣ እስኪጠግብ። ከዚያ ከታች ወደ ላይ እሹት። ከላይ ከጀመራችሁ ቆሻሻው ወደ ታች ወርዶ መስመር ይሠራል። ፊደሎቹ ውስጥ ያለውን በስቴኪኒ፣ አንድ በአንድ። የሚንገዳገድ ድንጋይ ጨርሶ አይነካም፤ እኔ የማውቀው ሰው ጣት በዚህ ተሰብሯል።

የደረሰኝ ድንጋይ፣ ድንጋይም አይደለም። ሲሚንቶ ነው። አንድ ሰው ከሳንቃ ቅርጽ ሠርቶ፣ ሲሚንቶ ሞልቶ፣ ሳይደርቅ በምስማር ጽፎበታል። ከጉልበቴ አይበልጥም። ሁለት ሰዓት አጠብኩት። መጀመሪያ 1911 የሚል ቁጥር ወጣ። ከዚያ «እናት» የሚል ቃል። በእንግሊዝኛ ነው፤ አር የምትባለው ፊደል ወደ ኋላ ዞራለች። የጻፈው ሰው ፊደል ብዙም አልተማረም፤ ቃሉ መጨረሻ ላይ ቦታ አጥሮበት ሁለት ፊደል አጨናንቋል። ጥግ ላይ፣ ሲሚንቶው ውስጥ፣ የአውራ ጣት አሻራ አለ። እርጥብ ሲሆን በደንብ ይታያል፣ ሲደርቅ ይጠፋል። ሦስቴ ውኃ አፍስሼ አየሁት።

ሁዳዴ ስለሆነ የቤተ ክርስቲያኗ እናቶች ያመጡትን የተጠበሰ ዶሮ እያየሁ ሽሮ በእንጀራ በላሁ። ልጄ አልጾመም። ሦስት እግር በላ።

ማርች 15፣ ቅዳሜ

ዛሬ የወጣው ሐውልት ደህና እብነ በረድ ነው። አናቱ ላይ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ሦስት ቀለበቶች ተቀርጸውበታል። «የኦድ ፌሎውስ ሰው ነው» አሉኝ። የጥቁር አሜሪካውያን ኦድ ፌሎውስ በ1843 ኒው ዮርክ ውስጥ የተመሠረተ ማኅበር ነው። አባል በየወሩ ያዋጣል። ሲታመም ይጠየቃል፣ ሲሞት ይቀበራል፣ ሚስቱና ልጆቹ ይታያሉ። እየሰማሁ ሳቄ መጣ። «ምን ያስቅሻል?» አሉኝ። እኔ የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነኝ። ይኼ እኮ እድር ነው!

አመሻሽ ላይ ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። እስከ እኩለ ሌሊት አልተነሳሁም።

በቨርጂኒያ ዋና ከተማ፣ ሪችመንድ ውስጥ ማጊ ዎከር የምትባል ሴት ነበረች። በ1903 ባንክ አቋቋመች። በአሜሪካ ባንክ ያቋቋመች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ባንኩ ግን ከሰማይ አልወረደም። እሷ ከ1899 ጀምሮ የምትመራው የቅዱስ ሉቃስ ማኅበር የሚባል የመረዳጃና የቀብር ማኅበር ነበር። የባንኩ መሠረት የዚያ ማኅበር ሳንቲም ነው። የታመመ የሚጠይቁ፣ የሞተ የሚቀብሩ፣ አብዛኞቹ ልብስ አጣቢና የቤት ሠራተኛ ሴቶች ያዋጡት። በ1934 ሞተች፤ ኤቨርግሪን በሚባል በ1891 በተከፈተ የጥቁሮች መቃብር ተቀበረች።

ያ መቃብር በኋላ ምን ሆነ? ጫካ በላው። በአገሪቱ የታወቀ የቀብር ማኅበር የመራች ሴት ያረፈችበት ግቢ አይቪ ወረሰው። በጎ ፈቃደኞች ገጀራ ይዘው እስኪገቡ ድረስ ብዙ ሐውልት አይታይም ነበር።

ይኼ ነገር አልለቀቀኝም። እኔ እስከ ዛሬ እድር የሚፈርሰው ገንዘብ ያዡ ሲሰርቅ ይመስለኝ ነበር።

ማርች 29፣ ቅዳሜ

ዝናብ ስለሆነ ሥራ የለም። ልጄን ይዤ ዋሽንግተን ዲሲ ገባሁ።

መጀመሪያ ጆርጅታውን። ከሮክ ክሪክ አፋፍ ላይ ሁለት የተጎራበቱ የጥቁር አሜሪካውያን መቃብሮች አሉ። አንዱ ማውንት ዛዮን ነው፤ ከ1808 ጀምሮ የነበረ። ሌላው የሴቶች ኅብረት ማኅበር መቃብር ነው፤ በ1842 ነፃ ጥቁር ሴቶች ተሰብስበው ያቋቋሙት። ባርነት በዲሲ ሕጋዊ በነበረበት ዘመን! ሴቶቹ የራሳቸውን መሬት ገዝተው አባሎቻቸውን ቀበሩበት። የሴቶች እድር ነው፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም። ብዙዎቹ ድንጋዮች ዛሬ በቦታቸው የሉም። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ኦክ ሂል አለ፤ የሀብታም ነጮች መቃብር። የፕሬዚዳንት ሊንከን ልጅ በ1862 ሲሞት ለጊዜው ያረፈው እዚያ ነው። ሐውልቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ሣሩ ተከርክሟል። ኮረብታው አንድ ነው፣ አፈሩም አንድ ነው። ልዩነቱን እኔ በሙያዬ የማውቀው ነው፦ አንደኛው የማይነካ ተቀማጭ አለው፣ ሌላኛው የለውም።

ከዚያ ሮድ አይላንድ አቬኑ ሜትሮ ጣቢያ። እዚያ ጣቢያ ስንት ጊዜ ወርጃለሁ። ታክሲ የሚነዳ ወንድሜ በአቅራቢያው ይኖር ነበር። ቦታው ኮሎምቢያን ሃርመኒ የሚባል መቃብር ነበር። ያቋቋመው፣ ይገርማችኋል፣ በ1825 የተመሠረተ የነፃ ጥቁሮች መረዳጃ ማኅበር ነው። ከ1859 ጀምሮ እዚህ ሲቀበርበት ቆየ። በ1960 መሬቱ ለልማት ተፈልጎ 37,000 ያህል አስከሬን ወደ ሜሪላንድ፣ ላንዶቨር ተዛወረ። አስከሬኑ እንጂ ሐውልቱ አልተዛወረም። ሐውልቶቹ እንደ ጥርብ ድንጋይ ተሸጡ። ብዙዎቹ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ኪንግ ጆርጅ ካውንቲ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ተደረደሩ፤ ውኃው አፈሩን እንዳይሸረሽር። አንድ የቨርጂኒያ ግዛት ምክር ቤት ሴናተር፣ ሪቻርድ ስቱዋርት፣ እዚያ መሬት ገዝቶ በወንዙ ዳር ሲሄድ የሰው ስም የተጻፈበት ድንጋይ ረገጠ። በ2021 ድንጋዮቹን የመመለስ ሥራ ተጀመረ።

እኛ ዘንድ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። እዚህ ስሙ ወንዝ ውስጥ ዋለ።

ልጄ ባቡሩን እየጠበቀ መሬት መሬቱን ሲያይ ነበር።

ስንመለስ በአሌክሳንድሪያ በኩል፣ ሳውዝ ዋሽንግተን መንገድ መጨረሻ ላይ ቆምን። እዚያ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ከባርነት አምልጠው የመጡ ከ1,700 በላይ ሰዎች ከ1864 እስከ 1869 ተቀብረዋል። በ1955 ነዳጅ ማደያ ተሠራበት። አዎ፣ ማደያ። ከብዙ ሙግት በኋላ ተነሥቶ በ2014 መታሰቢያ ሆነ። እኔ አሌክሳንድሪያ ከመጣሁ ስንት ዓመቴ ነው፤ በዚያ በኩል ወደ ሀይዌይ ስገባ ለአንድ ቀን ዞር ብዬ አላየሁትም።

ኤፕሪል 12፣ ቅዳሜ

ጸሎተ ሐሙስ ሳይደርስ ሰውነቴ ተቃጠለ። ባለፈው ሳምንት ያለ ጓንት የያዝኩት ሐረግ አይቪ አልነበረም፤ መርዛማው ፖይዝን አይቪ ነው። ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው። ክርኔ ድረስ ውኃ ቋጠረ። እናቴ በቪዲዮ አይታ «መቃብር ምን ልትሠሪ ሄድሽ? ጸበል ተጠመቂ» አለችኝ። ፋርማሲ የሸጠልኝን ቅባት እየተቀባሁ ነው። ጸበሉንም አልተውኩም፣ ለማንኛውም።

ዛሬ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ከቤተ ክርስቲያኗ አንዲት የ84 ዓመት እናት መጡ። በሆዴ «እማማ» ነው የምላቸው፤ በአፌ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው በማዕረግ እጠራቸዋለሁ። ወንበር አውጥተን አስቀመጥናቸው። አያታቸው እዚህ እንደተቀበሩ ያውቃሉ፤ የት እንደሆነ ግን ከልጅነታቸው ወዲህ አላዩትም። «ከዝግባው ወደዚህ ነው። ስኒ አለበት» አሉ።

ስኒ?

ድሮ በመቃብር ላይ ሟቹ በመጨረሻ የተጠቀመበትን ዕቃ ያስቀምጡ ነበር። ሳህን፣ ማሰሮ፣ የመብራት ብርጭቆ፣ የቆመ ሰዓት፣ የባሕር ዛጎል። ብዙውን ጊዜ ሰበር አድርገው። ሞት በዚህ ቤት ይሰበር፣ ሌላ አይከተል ብለው ነው የሚሉ አሉ። የእኛን ፊት እማማ አዩት። ጠዋት የመጡ የኮሌጅ ተማሪዎች «ቆሻሻ» ብለው የሰበሰቡት ከረጢት መኪና ላይ ተጭኗል። የመኪናውን ሰው ጠርተን አወረድነው። ከፕላስቲክ ጠርሙስና ከቢራ ጣሳ መሀል ወጣ። ነጭ፣ ጆሮው የሌለ፣ ከንፈሩ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለው ስኒ ነው። ከእኛ የቡና ስኒ ትንሽ ይበልጣል። ውስጡ አፈር ሞልቶ ሥር አብቅሏል።

ተማሪዋ የት እንዳገኘችው ታስታውሳለች፤ ከብርቱካናማ ባንዲራ 44 ሥር። አፈሩን ሳናራግፍ መልሰን አስቀመጥነው። እማማ ብድግ ብለው ሄዱና ቆሙ። ጸለዩ ወይም ዝም አሉ፣ አላወቅሁም። ከዚያ ዞር ብለው፣ «ከረጢት ከመሙላታችሁ በፊት መጀመሪያ ጠይቁ» አሉን። ከዛሬ ጀምሮ ሸክላና ብርጭቆ ያለ ፎቶ አይነሳም ብለን ደንብ አወጣን።

የቆረጥኩት ዩካ ሦስት ቅጠል አውጥቷል። ለካ ከሥሩ ይመለሳል። ማንም አልሰማኝም እንጂ ጮህኩ።

ሜይ 10፣ ቅዳሜ

ጫካው ዘጋ፤ የመስክ ሥራው ቆመ። አሁን ወረቀት። እዚህ ላይ እኔ አለሁ። ማርች ላይ ስለ እድር ስቀልድ ሰምተው «ሂሳቡን አንቺ ያዢልን» አሉኝ። ምላሴ ነው ያመጣብኝ።

መሬቱ የማን ነው? የ1889 ሰነዱ አምስት ባለአደራዎችን ይጠቅሳል፤ የአንድ መረዳጃ ማኅበር ሰዎች። አምስቱም እዚሁ ተቀብረዋል ማለት ይቻላል። ማኅበሩ በ1940ዎቹ ጠፍቷል። ያጠፋው ሌባ አይደለም። ወጣቱ ሥራ ፍለጋና ከዘር መድልዎ ሽሽት ወደ ሰሜን ሄደ፤ ፊላዴልፊያ፣ ኒው ዮርክ፣ ዲትሮይት። የኢንሹራንስ ኩባንያ መጣ። አሮጊቶቹ መዋጮውን እየከፈሉ አንድ በአንድ አለቁ። መጨረሻ ላይ የቀሩትን የቀበራቸው ማን እንደሆነ መዝገቡ አይልም።

የነጮቹ መቃብሮች ደግሞ ከከተማ በጀት፣ ወይም ከሽያጭ ላይ ተቀንሶ ለዘላለም እንክብካቤ ከሚቀመጥ ገንዘብ ይታደሱ ነበር። ባርነትን ለማቆየት ለተዋጉት ለኮንፌዴሬት ወታደሮች መቃብር ቨርጂኒያ ከመቶ ዓመት በላይ ከመንግሥት ካዝና ስትከፍል ኖራለች። ለጥቁሮቹ መቃብር ይኼ ነው የሚባል ሕግ የወጣው በ2017 ነው። ዴሎረስ ማክኩዊን የምትባል የሪችመንድ ተወካይ አቅርባው። ተመኑ ለኮንፌዴሬቱ ይከፈል በነበረው ልክ ሆነ፦ በአንድ መቃብር በዓመት አምስት ዶላር። መጀመሪያ የተቆጠሩት ሪችመንድ ዳር ያሉት ሁለቱ ናቸው፤ ኢስት ኤንድ 4,875 መቃብር፣ ኤቨርግሪን 2,100። ሲደመር 34,875 ዶላር። በኋላ ለሌሎችም ተከፈተ።

ሕጉ ሲወጣ ባስቀመጠው መስፈርት፣ ሟቹ ከ1800 እስከ 1900 ባለው ዘመን በሕይወት የነበረ ሰው መሆን ነበረበት። አሁን ኑና አስረዱ። የእኛዎቹ ባንዲራዎች 143 ደርሰዋል። ስም ያለው ድንጋይ 38 ብቻ ነው። የቀሩት ስርጉድና ዩካ ናቸው። ከባርነት የወጡ ሰዎች በሕዝብ ቆጠራ በስማቸው የተጻፉት ለመጀመሪያ ጊዜ በ1870 ነው። ከዚያ በፊት በ1850 እና በ1860 የባሪያ መዝገብ የተመዘገበው ዕድሜና ጾታ ነው፤ ስም ያለው ባለቤቱ ነው። የሞት ምዝገባም ቢሆን ቨርጂኒያ በ1853 ጀምራ በ1896 አቆመች፤ የቀጠለችው በ1912 ነው። የእኔ የሲሚንቶ «እናት» በ1911 ሞተች። በአንድ ዓመት አመለጠችን።

የቤተ ክርስቲያኗን የጥምቀት መዝገብ፣ የሞት ወረቀቶችንና የእማማን ትዝታ አስተያይተን 97 ሰው ላይ ደረስን። በአምስት ዶላር 485 ዶላር። ሣሩን አንዴ ለማሳጨድ የተጠየቅነው 280 ነው። ሁለት ጊዜ እንኳ አያደርስም። የቨርጂኒያ ሣር ደግሞ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ቢያንስ አሥር ጊዜ ይፈልጋል፤ 2,800። ዋናው ሳይነካ ከወለዱ ብቻ ይኼን ለማግኘት፣ በዓመት አራት በመቶ ብንል፣ 70,000 ዶላር ባንክ መቀመጥ አለበት። ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ስጽፈው ክፍሉ ዝም አለ።

አንድ ሰው «የፌደራል ሕግ ወጥቷል እኮ» አለ። እውነት ነው። በዲሴምበር 2022 ኮንግረስ የአፍሪካ-አሜሪካውያን የመቃብር ቦታዎች ጥበቃ ሕግን አጽድቋል፤ በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በኩል በዓመት እስከ ሦስት ሚሊዮን ዶላር እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ይፈቅዳል። እድርተኛ ከሆናችሁ ልዩነቱ ይገባችኋል፦ ደንብ ጸደቀ ማለት መዋጮ ገባ ማለት አይደለም። በጀቱ በየዓመቱ ለብቻው መወሰን አለበት። ለመላው አገር ነው ደግሞ።

ሌላው ለአንድ ድርጅት እንስጠው አለ። ኢስት ኤንድንና ኤቨርግሪንን ገዝቶ የያዘው በጎ አድራጎት ድርጅት በ2022 ፈርሶ ሁለቱም መቃብሮች አየር ላይ ተንጠልጥለው ነበር። ስለዚህ እኔ ለብቻው የተከፈተ ሒሳብ፣ ሁለት ፈራሚ፣ በየሦስት ወሩ የሚነበብ ሪፖርት ካልሆነ አልይዝም አልኩ። እንደ እድራችን።

ሜይ 18፣ እሑድ

የእድራችን ስብሰባ። «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳ ሥር ነገሩን አነሳሁ። ጋሼ ሰብሳቢያችን በትዕግሥት ሰሙኝ። አንድ አባል እጁን አወጣ፦ «እኛ የምናዋጣው አስከሬን አገር ቤት ለመላክ ነው። የሰው መቃብር ሣር ለማጨድ አይደለም።» ደንቡን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ልክ ነው። ራሴ ገልጬ አነበብኩት። አይፈቅድም።

ከኋላ አንዲት ዝም ባይ ሴት ተናገረች። «አሁንማ ማን ይላካል? ልጆቹ እዚህ ናቸው። ባለፈው ዓመት ከሸኘናቸው ስንቱ አገሩ ገባ?» ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ። ከስምንቱ ስድስቱ እዚሁ ናቸው። «የስድስቱን ሣር ማን ያጭዳል ታዲያ?» አለች። ጸሐፊው ለመቃብሩ የዘላለም እንክብካቤ ተከፍሏል ሲላት «ወረቀቱን አንብበኸዋል?» አለችው። አላነበበም። እኔም አላነበብኩም። በሚቀጥለው ስብሰባ ውሉን ይዤ እንድመጣ ተወሰነ።

ከካዝና ምንም አልወጣም። ድንኳንና 40 ወንበር ለአንድ ቀን ተፈቀደ። በር ላይ ሳህን ተቀመጠ፤ 340 ዶላር ተገኘ። አጀንዳውን የተቃወመው ሰው 50 ጣለበት። አይቼዋለሁ።

ሜይ 24፣ ቅዳሜ

የሜሞሪያል ዴይ ሰሞን ነው፤ አሜሪካውያን በጦርነት የሞቱባቸውን የሚያስቡበት በዓል። የእድሩ ድንኳን ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ ተተከለ። ነጩ፣ በጎኑ ላይ የእድሩ ስም በአማርኛ የተጻፈበት። የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ምን እንደሚል ጠየቁኝ። «የቀብር ማኅበር» ብዬ ተረጎምኩላቸው። አንድ ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀና የአያቱ ማኅበር ሰንደቅ እሱ ቤት ሰገነት ላይ ተጠቅልሎ እንደተቀመጠ ነገረኝ። በሚቀጥለው ያመጣዋል።

97ቱ ስሞች ተነበቡ። 22 ደቂቃ ፈጀ። ስም የሌላቸው 46 ባንዲራዎች ጋ ሲደረስ ፓስተሩ ቁጥራቸውን አነበበ፤ ባንዲራ 3፣ ባንዲራ 7፣ ባንዲራ 8። ያልጠበቅሁት ይኼ ነው። ልጄ ራሱ የተከላቸው ስለሆኑ ቁጥር በተጠራ ቁጥር ወደየትኛው መዞር እንዳለበት ያውቅ ነበር።

ቡና አፈላሁ። ሦስተኛው ሳይደርስ ጀበናው አለቀ፤ 60 ሰው ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

ልንበተን ስንል እማማ ጠሩኝ። ከቦርሳቸው ፖስታ አወጡ። ውስጡ የታጠፈ አምስት ዶላር አለ። ፖስታው ላይ የአያታቸው ስምና «2025» ተጽፏል። «የዚህ ዓመት ነው» አሉኝ። አመስግኜ ኪሴ ልከት ስል እጄን ያዙት።

«ደረሰኙስ?»

ደብተሩ መኪና ውስጥ ነበር። ሮጬ አመጣሁ። ቁጥር 001። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ቀደድኩላቸው። ካርቦኑ ሥር ያለው ቅጂ ያው መሆኑን ለማረጋገጥ ሳይሆን አይቀርም፣ ገልብጠው አዩት።

ቀሪ ሥራ፦ ጁን 7 የሣር ማጨጃው ሰው ይመጣል፤ ባንዲራዎቹን በመስመር ማጠር አለብን፣ ካልሆነ ያጭዳቸዋል። ለባለአደራው ሰነድ ጠበቃ፦ አንዱ በነፃ አያለሁ ብሏል፣ ሰኞ ልደውል። በባንክ ያለው 345 ዶላር። የእድራችን የመቃብር ውል፦ ገና አልተላከልኝም።

ጓንት መግዛት። ወፍራሙን።